ኩለሱም ያስገነባችው ግድግዳ

ኩለሱም ኑሬን ካገባች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከዚህ ውስጥ አሥራ ስምንቱን የኖረችው ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር፣ ከጫማ መጋዘን በላይ በነበረች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አልጋው እዚያው፣ ምድጃው እዚያው፣ የስፌት መኪናዋም እዚያው። ጨርቅ የምትቀደው ፍራሹን ገልብጣ ነበር። ሴት ልጇን ሰብሪናን ያሳደገቻት ከመኪናው እግር ሥር ነው፤ ልጅቱ መዳህ የተማረችው በቁርጥራጭ ጨርቅ መሃል ነው። ስለዚያ ቤት ደግ የሚናገር ሰው ካለ አንድ የዝናብ ሰሞን ይሞክረውና ያውራ። ነገር ግን በዚያች ክፍል ውስጥ ሥራ ፈቶ የሚውል አንድ ስንዝር መሬት አልነበረም። ይህንን ኩለሱም ያወቀችው ከወጣች በኋላ ነው።

ባሏ ኑሬ ምንጣፍና መጋረጃ ይሸጣል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ክፉ ያልሆነ፣ ግን «ሰው ምን ይለኛል» የሚል ትል ሆዱ ውስጥ ያደረ ሰው ነው። ትሉ የገባበትን ቀን ኩለሱም ታስታውሳለች። ከሞያሌ ሦስት የዘመድ ትልልቅ ሰዎች መጥተው መቀመጫ ጠፋ፤ ሦስቱም አልጋው ጠርዝ ላይ ተደርድረው፣ ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሉ። እሷ በመጋረጃ ማዶ ሰብሪናን ታጠባ ነበር። ሲወጡ አንደኛው የኑሬን ትከሻ መታ መታ አደረገና «አላህ ያስፋልህ» አለው። ምርቃት ነው። ኑሬ ግን እንደ ስድብ ተቀብሎ አሥራ ምናምን ዓመት ይዞት ኖረ።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ እሱ ከሱቁ፣ እሷ ከስፌቷ ያጠራቀሙትን አዋጥተው፣ ኢስትሊ ዳር ላይ በሚሠራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ገዙ። ሦስት መኝታ ቤት ያለው ነው። ሕንፃው ገና ብሎኬት ላይ ስለነበር ተቋራጩ «የውስጥ ግድግዳ እንዳሻችሁ ይቀየራል» አላቸው። ኩለሱም ያን ቀን ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ነበር የሄደችው። ሦስተኛውን መኝታ ቤት ለካችው። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ብርሃን ይገባዋል። መቅደጃ ጠረጴዛው እዚህ፣ መኪናው ከመስኮቱ ሥር፣ የጠርዝ መዝጊያዋ መኪና እዚያ ጥግ። ለኑሬ በጣቷ እያመለከተች አሳየችው። «ኢንሻአላህ» አላት።

ከሁለት ወር በኋላ የሥራውን መድረስ ልታይ ስትሄድ ግድግዳው የለም። ሦስተኛው መኝታ ቤትና ሳሎኑ አንድ ላይ ተቀላቅለው የሰርግ አዳራሽ አክለዋል። ኑሬ መሃል ላይ ቆሞ ወለሉን በዓይኑ ይሰፍራል።

«ግድግዳው የት ሄደ?»

«አስፈረስኩት። ሳሎኑ ጠበበ።»

«የእኔ ክፍል ነው እኮ።»

«አንቺ ዲኤስኪው አለልሽ። እሱ ምን አነሰው?»

ዲኤስኪው ምን እንዳነሰው ልንገራችሁ። ናይሮቢ ውስጥ ቤት የሚነድፉ ሰዎች ከኩሽና ጀርባ ለቤት ሠራተኛ ብለው የሚወትፏት ክፍል ናት። አልጋ ከገባ ሰው አይገባም፤ ሰው ከገባ አልጋው መውጣት አለበት። መስኮቷ ከጣሪያው ሥር ያለች የእጅ መዳፍ የምታህል ነገር ናት፤ የምታሳየውም የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። መቅደጃ ጠረጴዛው በበሩ አልገባም። ኩለሱም እግሮቹን አስነቅላ ብታስገባው ደግሞ እሷ የምትቆምበት ጠፋ። አናጢ ጠርታ ጠረጴዛውን በግማሽ አስቆረጠችው፤ ያን ቀን አልቅሳለች።

እስኪ የቀረውን ቤት እንየው። ደላላው እያንዳንዱን በር ሲከፍት «ዋው» ሲል የነበረውን ቤት። ትልቁ መኝታ ቤት የራሱ መታጠቢያ አለው፤ ኢስትሊ ውስጥ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ መታጠቢያው የጀሪካን መጋዘን ሆኖ ቀረ። በረንዳው አንድ ወንበር ያስቀምጣል፣ የተቀመጠበትን ሰው ጉልበት ግን አያስቀምጥም። ኩለሱም መኪናዋን አንድ ሰሞን እዚያ ሞክራዋለች፤ ከታች የማታቱ ታክሲ ጭስ፣ ከላይ ዝናብ፣ ከጎን ደግሞ «ጩኸት በዛ» የሚል የሕንፃው ጠባቂ፣ ኬርቴከሩ። ኮሪደሩ ሰባት ሜትር ይረዝማል። ሰባት ሜትር የተገዛ መሬት፣ ሰው እየሄደ ከማለፍ በቀር ምንም የማይሠራበት። ኩሽናው ውስጥ ሁለት ሴቶች ጀርባ ለጀርባ ሳይነካኩ አይዞሩም። ይህን ሁሉ የነደፈው ሰው አንድ ቀን ሽንኩርት ከትፎ፣ አንድ ቀን ልብስ አጥቦ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሳሎኑ ግን፣ አቤት ሳሎኑ። ኑሬ ዙሪያውን በዓረብ መቀመጫ፣ በመጅሊስ ከበበው፤ ወፍራም ስፖንጅ፣ ወርቃማ ጥለት፣ የክንድ መደገፊያ በየመሃሉ። ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በአንድ ወጥ የቱርክ ምንጣፍ ሸፈነው። ምንጣፍ ነጋዴ ስለሆነ ፀሐይ ምንጣፍ እንደምታገረጣ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስለዚህ የምሥራቁን መስኮት በሦስት ድርብ መጋረጃ ጋረደው። ከዚያ ሁለቱንም በሮች፣ የሳሎኑንና የፈረሰውን መኝታ ቤት፣ ቆልፎ ቁልፉን ከሱቁ ቁልፎች ጋር አንጠለጠለው። አበሻ «ቤት ለእንግዳ» የሚለው በሩ ክፍት ነው ለማለት ነው። ኑሬ ግን ቤቱን ለእንግዳ አስረክቦ እሱ ራሱ ተከራይ ሆነ። ቤተሰቡ የሚበላው ኮሪደሩ ውስጥ፣ በተራ ነበር። ሰብሪና ለኮሌጅ የምታጠናው አልጋዋ ላይ ነው።

በሦስት ዓመት ውስጥ ያ ሳሎን የተከፈተው ለዒዶቹና ለአንድ የሀዘን ዱአ ነው። በሌላው ጊዜ ኑሬ ዓርብ ዓርብ ይከፍትና ራሱ አቧራ ይጠርግለታል፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ተመልሶ ይቆልፋል። ኩለሱም ከኩሽናው በር ላይ ቆማ ታየዋለች። በዚያች ቤት የሚያስፈልጋት ብርሃን በሙሉ እዚያ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ እንደሚውል ታውቃለች።

ነገሩ የፈነዳው በመድረሳው ጅልባብ ነው። ኩለሱም ለአንድ የሴቶች መድረሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ጅልባብ ስትሰፋ የኖረች ናት። ያን ዓመት ለትልልቆቹ ጥቁር፣ ለትንንሾቹ ጥቁር ሰማያዊ ታዘዘ፤ አርባ። በዲኤስኪው አምፖል ሥር ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ አንድ ናቸው። ሁለቱን ጨርቅ ደራርባ ቀደደች፤ እጅጌና አካል አቀላቅላ ሰፋች። የመድረሳዋ ኡስታዛ አንዱን አንስታ ወደ ግቢው ፀሐይ ወጣች፤ ዘረጋችው፤ አካሉ ሰማያዊ፣ እጅጌው ጥቁር።

«ኩለሱም» አለች ኡስታዛዋ በቀስታ፣ «ዓይንሽን ተመርምረሻል?»

ብትጮህባት ይሻላት ነበር። አርባውን ተሸክማ ተመለሰች። በልኳ የምትታወቅ ሴት ናት፤ የኢስትሊ ሱቆች «የኩለሱም እጅ ነው» ብለው ዲሪያ ቀሚስ ይሸጣሉ። አሁን ወሬው «ዓይኗ ደከመ» ሊሆን ነው። ከዚያ በኋላ ሥራ የሚሰጣት አይኖርም፤ ኑሬ ደግሞ ይህንን እየጠበቀ ነው። «ስፌቱን ተይውና ሱቅ ተቀመጪልኝ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ሱቅ መቀመጥ ማለት የእሱን መጋረጃ እየጠቀለሉ፣ ለእሱ ደንበኛ እየሳቁ፣ የእሱ መሆን ነው። ኩለሱም ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ በእጇ ሥራ ያደረች ናት። ይህንን ካጣች ምን እንደሚቀራት ታውቃለች፤ ምንም።

ያን ዕለት ማልቀሱን ትታ ወደ ባሏ ሄደች።

«ቁልፉን ስጠኝ። እስክጨርስ ድረስ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ መኪናዬን ሳሎን ላስገባ።»

«አብደሻል? ዘይትሽን፣ ክርሽን፣ መርፌሽን ይዘሽ እዚያ ምንጣፍ ላይ?»

«ጨርቅ አነጥፋለሁ።»

«ሰው ቢመጣስ? ሳሎኑን የልብስ ሰፊ ቤት አደረገው ይሉኛል።»

«ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ ኑሬ። ቤቱ ግማሹ የተሠራው በዚሁ ነው።»

«ድምፅሽን ቀንሺ፤ ጎረቤት ይሰማል።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ኩለሱም ሁለተኛ አልለመነችም። ሰብሪና ከመኝታ ቤቷ ብቅ ብላ «ኡሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ለምን ትጠይቂዋለሽ?» አለቻት። ልጅቱ ማጽናናቷ ነበር። ኩለሱም ግን ጥያቄውን ጥያቄ አድርጋ ወሰደችው። እውነት ለምን ትጠይቀዋለች? የቤቱ ወረቀት ላይ የሁለቱም ስም አለ።

በቀጣዩ ሳምንት ኑሬ ለአጎቱ ልጅ ሰርግ ሞያሌ ወረደ፤ ስምንት ቀን። ቁልፎቹን ይዞ ሄደ። አውቶቡሱ ማርሳቢት ሳይደርስ ኩለሱም ፉንዲ ጠርታ ነበር። ግንበኛው ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፤ በቋንቋ ብዙ አልተግባቡም፤ የሁለቱን በሮች ቁልፍ አስፈትታ አስገባችውና ጣሪያው ላይ የድሮው ግድግዳ የነበረበትን ስንጥቅ አሳየችው። ሰውየው ሳቀ። «ያፈረስኩት እኔ ነኝ ማማ» አላት በስዋሂሊ። «እንግዲያውስ መልሰው» አለችው።

መጅሊሱን ራሷና ሰብሪና ጎትተው አወጡት። የቀረው ምንጣፉ ነበር። አንድ ወጥ ነው፤ ብሎኬት በላዩ አይቆምም፤ ቢጠቀልሉት ደግሞ ለግማሽ ክፍል አይሆንም። ፉንዲው እጁን አጣጥፎ ጠበቃት። ኩለሱም ተንበርክካ የልብስ ጠመኔዋን አወጣች፤ ከዳር እስከ ዳር አሰመረች፤ በምንጣፍ ቢላ ቀደደችው። ሰብሪና አፏን ይዛ ቆመች። ኩለሱም ቀስ ብላ፣ ሳትነሳ፣ ሳትቃና ስድስት ሜትር ሄደች። ስለዚህች ሴት ደግነት ለመመስከር አልተነሣሁም፤ እየቀደደች ደስ ብሏታል፤ በጣም ደስ ብሏታል።

በአራተኛው ቀን ግድግዳው ቆመ፤ በስድስተኛው ተለሰነ። የድሮው የመኝታ ቤት በር አዲስ ቁልፍ ገባለት። በግማሽ የተቆረጠውን ጠረጴዛ አናጢው መልሶ ገጠመው። ሦስቱ ድርብ መጋረጃዎች ወርደው ተጣጠፉ። ለጠበበው ሳሎን የሚበቃው መጅሊስ ተመልሶ፣ የተረፈው ስፖንጅና የክንድ መደገፊያ ሁሉ፣ ለእንግዳ ክብር ሲባል ማንም እንዳይቀመጥበት ሦስት ዓመት የተጠበቀው፣ ዲኤስኪው ውስጥ እስከ ጣሪያ ተከመረ። ኩለሱም መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የአርባውን ጅልባብ እጅጌ መፍታት ጀመረች። ጥቁሩ ጥቁር፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ነበር።

ኑሬ እኩለ ቀን ላይ ገባ። ሻንጣውን ይዞ ኮሪደሩ መሃል ቆመ። የሳሎኑን በር ገፋው፤ ተከፈተ። ገባ። ኩለሱም ልታየው ስትሄድ ከአዲሱ ግድግዳ ሥር ተንበርክኮ፣ የምንጣፉን ቁራጭ ጠርዝ በጣቱ ይዳብሳል።

«በምንድን ነው የቀደድሽው?»

«በቢላ።»

«ሌላ ሰው ቤት ውስጥ እንኳ እንዲህ አይደረግም።»

«የኔን ክፍል ስታፈርስ በምን ነበር ያፈረስከው?»

ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ሽማግሌ ይየው» አለና ወጣ። ያን ሳምንት አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ኑሬ ከሆቴል በልቶ ይመጣል። ኩለሱም አላባበለችውም፤ መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ ተንጫጫ። አርባው ጅልባብ ተስተካክሎ መድረሳ ተመለሰ፤ ኡስታዛዋ ፀሐይ ላይ ዘርግታ አየችና ለሚቀጥለው ዓመት ሃያ ጨመረችላት።

እሁድ ከዐስር ሶላት በኋላ ስድስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ሐጂ አብዱልፈታ ናቸው፤ ኢስትሊ ውስጥ ከሞያሌ የመጣ ነጋዴ ተጣልቶ እሳቸው ዘንድ ያልደረሰ የለም። ኑሬ ሳሎን አስገባቸው፤ ሌላ የት ያስገባቸዋል? ኩለሱም ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ኑሬ ተናገረ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። እሱ በሌለበት ግድግዳ መቆሙን፣ የቱርኩ ምንጣፍ መቀደዱን፣ አሁን እንግዳ ቢመጣ ቤቱ የማይበቃ መሆኑን፣ ያ አልጋ ጠርዝ ላይ የነበረው ውርደት ተመልሶ መምጣቱን ዘረዘረ። ድምፁ ተሰበረ፤ የእውነቱን ነው።

ሐጂ ጢማቸውን እየዳበሱ ዙሪያውን አዩ። «ስንት ሆነን ነው የተቀመጥነው?» አሉ።

«ስምንት ነን» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«እኔ ጎን ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ አለ። እናንተስ ጋ?»

«ለሦስት ይሆናል።»

ኑሬ መሬት መሬት አየ። ሐጂ ግን ለኩለሱምም አልተዉላትም። «ልጄ፣ ባለቤትሽ መንገድ በሄደበት የቤት ግድግዳ አይነካም። እውነት ቢኖርሽም ያለፍሽበት መንገድ እውነት አይደለም። አፉ በለኝ ብለሽ ይቅርታ ጠይቂው።»

ኩለሱም ተነሣች። ለኑሬ ጎንበስ አለች። «አፉ በለኝ» አለች፤ ከልቧ ነው አይደለም የሚለውን አላህ ይወቀው፤ ቃሉ ግን ወጣ።

«አሁን አንተ» አሉ ሐጂ። «የመጀመሪያውን ግድግዳ ሳታማክራት ያፈረስከው አንተ ነህ። አፉ በይኝ በላት።»

ኑሬ ቀና አለ። «ሐጂ፣ እኔ እኮ ለራሴ ብዬ አይደለም። ለእንግዳ ብዬ ነው። ለእናንተ ብዬ ነው።»

«እንግዳው እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ። «በዓመት ሁለቴ ነው የምመጣው። አንድ ሰዓት ተቀምጬ እሄዳለሁ። ይህን ሁሉ ቦታ ስጠኝ ብዬህ አላውቅም።»

እንዲህ ያለ ነገር ከሽማግሌ ፊት ለፊት መስማት ለኑሬ ሞት ነው። ሽማግሌዎቹ ጠበቁት። ከጎኑ የነበረው ሰው በክርኑ ነካ አደረገው። ኑሬ ተነሥቶ ጫማውን ፈለገ፤ «መግሪብ ደረሰ» አለ። አልደረሰም ነበር። ሐጂ ዱአ አድርገው ወጡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ለኩለሱም «ጊዜ ስጪው» አሏት።

ጊዜ ሰጠችው። ኑሬ ግድግዳውን አላስፈረሰም፤ ከሽማግሌ ቃል አይወጣም። ከመኝታ ቤቱ ግን ትራሱን አውጥቶ ሳሎን ገባ። አሁን የሚተኛው መጅሊሱ ላይ ነው፤ የሚበላውም እዚያው ነው፤ ከሱቅ ሲመለስ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባና ሙሉ ክፍሉን ለብቻው ይዞ ይቀመጣል። ሰሃኑን ሰብሪና ታደርስለታለች። ኮሪደሩ ላይ ከኩለሱም ጋር ሲገናኙ ሰላምታ ይሰጣታል፤ ስለ ውሃውና ስለ መብራቱ የሚባለውን ይነግራታል። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል የለም።

ጎረቤት ሴቶች ይመክሯታል። «ለአንድ ክፍል ብለሽ ትዳር?» ይሏታል። ለቀባሪው አረዱት። እሷም በዚያ ክፍል ብርሃን እየሰፋች ይህንኑ ስታሰላስል ውላለች፤ ሂሳቡ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ይወጣል፤ አልቆጫትም። የሚያናድዳት፣ አሁንም ጀማሪዋ እሷ እንድትሆን መጠየቁ ነው። ሰብሪና ባለፈው ዒድ ዋዜማ መጥታ በሩ ላይ ተደግፋ «ኡሚ፣ አንቺ ጥሪው በቃ፤ እሱ መምጣት አልቻለም፤ ሂ ካንት» አለቻት።

ኩለሱም መኪናዋን አቆመች። ከግድግዳው ወዲያ ኑሬ ሲያስል ይሰማል።

«የእኔ በር አይቆለፍም» አለች። «አፉ በለኝ እኔ ብያለሁ፤ ሰባት ሰው ሰምቶኛል። እሱ እኔ ብቻዬን በምሰማበት እንኳ ይበል፤ ይበቃኛል።»

ሰብሪና ይህንን ሄዳ ለአባቷ ነገረችው። ይኸው ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሆነው። ኑሬ ማታ ማታ ከሳሎኑ ወጥቶ ኮሪደሩ ውስጥ ይሄዳል፤ ከእሷ በር ፊት ይቆማል፤ ጥላው ከበሩ ሥር ይታያታል። ኩለሱም እግሯን ከመኪናው ላይ አንሥታ ትጠብቃለች። ከዚያ ኮቴው ይመለሳል፤ የሳሎኑ በር ይዘጋል።